ፈረንሳይን የጠየቁልኝ ሽማግሌዎች

ከሁሉ አስቀድሜ ወሬውን ላስተካክል። ካልጋሪ ውስጥ ካለው ሐበሻ አብዛኛው ይህን ታሪክ ሰምቶታል፤ የሰማው ግን ተበላሽቶ ነው። ገሚሱ «ስንዱን አንድ ሀብታም ፈረንሳዊ ሊያገባት ሽማግሌ ተላከ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ዳውንታውን ካለ ሆቴል በፖሊስ ተባረሩ ይላል። እኔን ሊያገባኝ የጠየቀ ሰው የለም። ፖሊስም አልመጣም። የመጣው የሆቴሉ ጥበቃ ነው፤ እሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ አብሮን ሳንድዊች በልቷል። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው በልኩ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የምኖረው ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ እትዬ ጽጌ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። እትዬ ጽጌ ባለቤታቸው ያረፉ፣ ልጆቻቸው ቶሮንቶ የሚኖሩ፣ ስለዚህም የሌሎችን ሰዎች ልጆች ጉዳይ ለመከታተል በቂ ጊዜ ያላቸው ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ጉዳዬን ለሰው የማልናገር፣ ከሥራ ስመለስ ወደ መጽሐፌ የምገባ ሰው ነኝ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አገር ቤት ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ካናዳ ገብቼ ዳቦ ፋብሪካ ስሠራ ከረምኩና እንደገና ደብተር ያዝኩ። ዲግሪዬን ስቀበል እኩዮቼ የክፍል ጓደኞቼ እናቶች ነበሩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለው፤ የተማረውን ሁሉ ከልክ በላይ ያከብራል። ነጠላ ሰረዝ ያላግባቧ ከተቀመጠች እንቅልፍ አይወስደኝም። የቤተ ክርስቲያናችንን ማስታወቂያ ቆሜ በእስክሪብቶ ሳርም በጋሼ ታደሰ ተይዣለሁ። ማስታወቂያውን የጻፉት ጋሼ ታደሰ ነበሩ።

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነው። በሽተኛ አልነካም፤ ወደ ማሽኖቹ የሚገባውን ውሃ ነው የምጠብቀው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲታጠብ ማሽኑ ከግማሽ በርሜል በላይ ውሃ ይፈጃል፤ ውሃው ውስጥ የቀረች ጥቂት ክሎሪን ሰው ልትጎዳ ትችላለች። አገር ቤት ያለችው ታላቅ እህቴም ትታጠባለች። ውሃ የጠፋ ቀን ግን ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዳ፣ ሳትታጠብ ትመለሳለች። ይህን የምጽፈው ላሳዝናችሁ አይደለም። ፈረንሳይ ምን አገባት እንዳትሉኝ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው እትዬ ጽጌ ነገ ስልክ ይደውሉለታል። ሳይንስ፣ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ እንጂ ሌላ አያስተምርም። ሕግ ልማር፣ ታሪክ ልማር የሚል ሰው እዚያ ሥራ የለውም። ሐኪሙና መሐንዲሱ በአንድ ኮሪደር ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን በር አንኳክቶ «ይሄ ነገር ሰው ይገድላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከእነዚህ በሮች በአንደኛው ጀርባ በጥቂት ውሃ ብቻ የሚሠራ የእጥበት ማሽን እየተሞከረ ነበር። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ዓመታት ሙሉ ፈረንሳይኛ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ተማርኩ። ማንበብ ቻልኩ፤ መናገሩን ፈራሁት። ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከትኩና ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ መካከል ላይ የላቦራቶሪው ኃላፊ ማዳም ዱቫል። አጭር ሽበት፣ ወፍራም መነጽር፣ ስትናገሪ እጅሽን ሳይሆን አንጎልሽን የሚያዩ የሚመስሉ ሴት። ስለ ውሃ ጠየቁኝ። ስለ ውሃ ስጠየቅ ዝምተኛ አይደለሁም። ሲያበቃ እርስ በርስ ተያዩና ማዳም ዱቫል ፈገግ ብለው፣ «ቦታውን ከነስኮላርሺፑ ልንሰጥዎ እንፈልጋለን። ይቀበላሉ?» አሉ።

እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ መለስኩ።

«በጣም አመሰግናለሁ። ይህ ለእኔ ይበዛል። ከእኔ የተሻሉ ወጣቶች አይጠፉም።»

ማዳም ዱቫል መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ይህን ሁለተኛ ግብዣ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ግን በጣም ደካማ ግብዣ ነው። «በሞቴ» የለበት፣ «እኔን አፈር ይብላኝ» የለበት። ለእንደዚህ ዓይነት ግብዣ እሺ የሚል ሰው የተራበ ይመስላል።

«አዎ፤ በእኔ ምክንያት አትቸገሩ» አልኩና ሦስተኛውን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ።

ስክሪኑ ጠቆረ። በማግስቱ ኢሜይል መጣልኝ፤ «ውሳኔዎን እናከብራለን» ይላል። ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትርጉሙን እንጂ ስሜቱን ግን አላውቀውም ነበር።

ለምን መልሰሽ አልጻፍሽም ትሉኝ ይሆናል። ጽፌያለሁ። ጽፌ አርሜያለሁ፤ አርሜ አጥፍቻለሁ። «አልፈልግም ያልኩት ስለምፈልግ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየትኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው የሚቃናው?

ሳምንት ያህል አልፎ እትዬ ጽጌ ኩሽና ውስጥ ዕቃ እያደራረቅን ሳለ፣

«ያ የፈረንሳዩ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«አልሆነም፣ እትዬ።»

«ከለከሉሽ?»

ሳህኑን ደጋግሜ አደረቅኩ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ነው።

«እነዚህ ጨካኞች!» አሉ እትዬ ጽጌ። «ማን ነው የከለከለሽ? ስም የለውም?»

«እትዬ፣ ተዉት። እንዲያውም ሴትየዋ በዚህ ሳምንት እዚህ ካልጋሪ ትመጣለች። ዳውንታውን የኩላሊት ሐኪሞች ኮንፈረንስ አለ።»

«ታዲያ ሄደሽ አታነጋግሪያትም?»

«በምን ፊቴ?»

«በዚሁ ፊትሽ። ሌላ አለሽ እንዴ?» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ሆቴሉ የቱ ነው?»

«ኮንፈረንሱ ያለበት ይሆናል።»

«እ» አሉ።

እትዬ ጽጌ «እ» ብለው ሲያበቁ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ወደ ቤት ስመለስ መኪናቸው የለም። ቅዳሜ የትም አይሄዱም። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት? የት ነዎት?»

«ስንዱዬ፣ አሁን አይመችም» አሉ በሹክሹክታ። «ቆመናል።»

«መኪናው ተበላሸ? መንገድ ላይ ነው የቆማችሁት?»

«ኧረ መኪናውንስ በደንብ ፓርክ አድርጌዋለሁ። እኛ ነን የቆምነው። ሴትየዋ ፊት። ጋሼ ታደሰ መናገር ሊጀምሩ ነው፤ በኋላ ኮል አደርግልሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔም እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ወንበር ሲሰጡት «ቆመን ይሻለናል» ይላል። የልጅቱ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ቢል ሽማግሌው አይቀየምም፤ ሌላ ቀን ይመለሳል። እንቢታ የጨዋታው መጀመሪያ ነው። ይህን ማንኛችንም እናውቃለን። ማዳም ዱቫል ግን አያውቁም፤ የሆቴሉም ሰዎች አያውቁም።

ሳድልታውን ጣቢያ እስክደርስ ሮጥኩ። ሲ-ትሬኑ፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ዕቅድ አወጣሁ። ደርሼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ይዤ እወጣለሁ፤ ከዚያ ሥራ ቀይሬ ማንም ወደማያውቀኝ አውራጃ እሄዳለሁ። ዳውንታውን ወርጄ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በሚወስደው የመስታወት ድልድይ ተሻገርኩና ወደ ሆቴሉ ሎቢ የሚወርደው ደረጃ ላይ ስደርስ አየኋቸው።

ሦስቱም ተሰልፈው ቆመዋል። ጋሼ ታደሰ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሰው ማስታረቅ የሚወዱ፣ ያልተጣላ ካገኙ የሚከፋቸው። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አጠገባቸው ጋሼ መኩሪያ አሉ፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በወፍራም የበረዶ ጃኬታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። ጋሼ መኩሪያ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ የባቡር ጣቢያ ፈረንሳይኛ። ለዚህ ነው የተመረጡት። እትዬ ጽጌ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ከበረዶ ቦቲ ጋር አድርገው ትንሽ ወደ ኋላ ቆመዋል። በኋላ ሲጠየቁ «እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም» ብለዋል።

ማዳም ዱቫል የኮንፈረንስ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። ሦስት አዛውንቶች ቆመው መቀመጥ ነውር መስሏቸው ነው። ከጎን አንድ ረጅም የሆቴል ጥበቃ አለ።

ጋሼ ታደሰ በእንግሊዝኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም!» አሉ።

ጥበቃው ቀረብ አለ። «ጌታዬ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ከሆነ የሚደረገው ውጭ ነው።»

«ሰልፍ አይደለም፤ ሽምግልና ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ በአማርኛ። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ።

ጋሼ መኩሪያ በፈረንሳይኛ ገቡ። ያሉትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ማዳም፣ ይህች ልጅ አርፍዳ ባቡር ያመለጣት አይደለችም። እሷ ፌርማታው ላይ ቆማ ነው ባቡሩ የወጣው። ባቡር ደግሞ ወደ ኋላም መሄድ ይችላል። እኔ ራሴ መልሼ አውቃለሁ።»

ማዳም ዱቫል ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። በዚህ መካከል እኔን አዩኝ። ከስክሪን ላይ ያውቁኛል።

«ማዳም ስንዱ» አሉ። «እነዚህ ሰዎች የእርስዎ ናቸው?»

አይደሉም ልል አልኩ። ሦስቱም ዞረው በፍጹም ፍቅር አዩኝ።

«የእኔ ናቸው» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልን፤ አሁን እንሄዳለን።»

«የት ነው የምንሄደው?» አሉ እትዬ ጽጌ። «ገና ማን እንደ ሆንሽ አልነገርናትም!»

ጋሼ ታደሰም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማን እንደ ሆንኩ ይናገሩ ጀመር።

«ይህች ልጅ ከዩኒቨርሲቲዋ አንደኛ ወጥታ ነው የተመረቀችው።»

«አራተኛ» አልኩ። «ያውም ከክፍሌ።»

«ስድስት ቋንቋ ትናገራለች።»

«ሦስት። ሦስተኛውን ማንበብ ብቻ ነው የምችለው።»

«የካልጋሪ ሆስፒታሎች ያለ እሷ ውሃ የላቸውም!»

«ውሃው የከተማው ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ታደሰ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ» አሉ በጥርሳቸው መካከል፣ «ሽማግሌ ሲዋሽልሽ ዝም ይባላል።»

«ስህተት ነዋ፣ ጋሼ!»

እትዬ ጽጌ ከኋላ ቆነጠጡኝ።

ማዳም ዱቫል አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያዩ ቆዩና፣ «አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ በእንግሊዝኛ። «እኛ እኮ አልከለከልናትም። ቦታውን ሰጥተናት ነበር። እንቢ ያለችን እሷ ናት።»

ጋሼ መኩሪያ ይህን ወደ አማርኛ መለሱት። መመለስ አላስፈለገም ነበር፤ ሁሉም ሰምቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ፣ ማለትም ሁለቱ ሽማግሌዎቼና ሾፌራቸው፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቢ አልሽ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

ጋሼ ታደሰ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። የሽማግሌ ፊታቸውን እንደ ያዙ፣ «ስንት ጊዜ?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ኤዲያ!» ፊታቸው በራ። «ሁለት እኮ እንቢ አይደለም!» ወደ ማዳም ዱቫል ዞሩና ታላቅ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው፣ «ማዳም! ሁለት ጊዜ እንቢ ማለት እኮ እንቢ ማለት አይደለም!» አሉ።

ማዳም ዱቫል ጋሼ መኩሪያን አዩ። ጋሼ መኩሪያ በፈረንሳይኛ ደገሙላቸው። ማዳም ግን ይኸው በሁለት ቋንቋም አልገባቸውም። ሳይንቲስት ናቸውና በትሕትና «ምናልባት የእኔ ጉድለት ነው» አሉ።

ያን ጊዜ አንድ አስተናጋጅ ለኮንፈረንሱ የተዘጋጀ ሳንድዊች በትልቅ ትሪ ይዞ ሲያልፍ፣ ማዳም አስቆሙትና፣ «ብዙ ቆማችኋል። እባካችሁ የሆነ ነገር ቅመሱ» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ጋሼ ታደሰ። «በልተን ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «ጠግበናል» አሉ እትዬ ጽጌ።

«እሺ» አሉ ማዳም፤ ትሪው ሄደ። የጋሼ መኩሪያ ዓይን አብሮት ሄደ። እኔ አውቃለሁ፤ ጋሼ ታደሰ ስለ አንድ ጉዳይ ሲጸልዩ ቁርስ አይበሉም፤ ጋሼ መኩሪያ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱበት ቤት ሁሉ ስለሚያበላ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ነው የሚሄዱት።

እውነት ያልሆነ ነገር ሲነገር ዝም ማለት አልችል ብዬ፣ «ማዳም፣ ተርበዋል» አልኩ።

«አንፈልግም አሉ እኮ።»

«ገና አንድ ጊዜ ነው። ይድገሙላቸው።»

ማዳም ዱቫል ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ሙከራ ሊጀምር ያለ ሳይንቲስት ፊት ነበር። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«በሦስተኛው ይሳካል ብዬ እገምታለሁ።»

አስተናጋጁ ተጠራ። «እባካችሁ» አሉ ማዳም።

«አይ፣ አይቸገሩ» አሉ ጋሼ ታደሰ፤ ግን ትሪውን በደንብ ተመለከቱት። «ምን አስቸገረዎት» አሉ ጋሼ መኩሪያ፤ ነጠላቸውን ከእጃቸው ላይ ሰበሰቡ።

ማዳም ዱቫል እንደገና አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ስለ እኔ ብላችሁ» አሉ። ይህንን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

«እንግዲህ... እርስዎን ላለማስቀየም» አሉ ጋሼ ታደሰ። ጋሼ መኩሪያ ምንም ሳይሉ ሁለት አነሡ። እትዬ ጽጌ አንዱን በልተው ሌላውን በናፕኪን ጠቀለሉ። ጥበቃው ገና አንዴ ሲጠየቅ «አመሰግናለሁ» ብሎ አነሣ፤ ጋሼ ታደሰም የት አድጎ ይሆን በሚል ዓይን አዘኑለት። ሁሉም ቆመው በሉ። ጉዳዩ ገና አልተፈጸመማ።

ማዳም ዱቫል አልበሉም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ገባኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ስለዚህ ያን ቀን...»

«አዎ።»

«አንድ ጊዜ ቀርቶን ነበር?»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ።

ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔም መሳቅ ልጀምር ስል መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ቦታው ሰኞ ጠዋት ለሌላ ተማሪ ይሰጣል» አሉ። «ተመርጧል፤ ገና አልተነገረውም። ስለዚህ አሁን ልጠይቅዎ እችላለሁ። ግን ሦስት ጊዜ አልጠይቅም። በእኛ ቤት ማሽኑ ላይ የተኛ ሰው አለ። ውሃው ንጹሕ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የመጀመሪያው መልስ እውነተኛው መልስ መሆን አለበት። እርስዎ ሥራ ቦታዎ ላይ ይህን ሲጠየቁ ይግደረደራሉ?»

አልግደረደርም። ሥራ ቦታዬ ላይ ዶክተሩ «ደኅና ነው?» ሲለኝ «አይደለም፤ አቁሙት» ብዬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ፊደል ሳርም፣ አራተኛን አንደኛ ያሉትን ሽማግሌ በአደባባይ ሳርም፣ ስለ ራሴ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉ የባሰ ስህተት ነበረበት። «ይበዛል» ያልኩት አልበዛብኝም። «አልፈልግም» ያልኩትን ዓመታት ሙሉ ፈልጌዋለሁ። ጨዋነት ብዬ ነበር የያዝኩት። ጋሼ ታደሰ ስለ እኔ ወደ ላይ ዋሹ፤ እኔ ደግሞ ወደ ታች።

«አንድ ጊዜ» አሉ ማዳም ዱቫል። «ቦታውን ይፈልጉታል?»

በማዳም ትከሻ በኩል ጋሼ ታደሰ ይታዩኛል። ጉንጫቸው ሳንድዊች እንደ ሞላ፣ በቅንድባቸው ምልክት ይሰጡኛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ *አንድ ጊዜ፣ ትንሽ፣ ለወጉ ያህል ግደርደሪ* ነው የሚሉኝ። አንደበቴም ለመደበት ሄዶ «ኧረ» የሚለውን ቃል ግማሹን አውጥቶት ነበር። ማዳም ሰዓታቸውን አላዩም፤ ግን የኮንፈረንሱ አዳራሽ በር ተከፍቶ አንድ ሰው በእጁ ጠራቸው። ሊሄዱ ነው።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ከዚያም ሙሉውን ተናገርኩት፤ «ከሌሎቹ እሻላለሁ አልልም፤ አላየኋቸውም። ግን ሥራውን አውቀዋለሁ። ቦታውን እፈልገዋለሁ። ያን ቀንም እፈልገው ነበር።»

«እንዴ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ በአማርኛ፣ ለጋሼ መኩሪያ፦ «አንድ ጊዜ እንኳ? ለዓይን ያህል እንኳ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያመጣነው!»

«ፈረንሳዊ ሆናለች» አሉ ጋሼ መኩሪያ።

ማዳም ዱቫል እጄን ጨበጡኝ። «ሰኞ ይጻፍልዎታል» አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በወንበሮቹ እያመለከቱ፣ «አሁንስ?» አሉ። ያን ጊዜ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ ጋሼ መኩሪያም «ጉልበቴ!» ብለው ጫማቸውን ሊያወልቁ ነበር። እትዬ ጽጌ ግን ወዲያው ተነሡና እልልታቸውን አቀለጡት። ጥበቃው ሳንድዊቹን ጥሎ ሮጠ። ወሬው ውስጥ «ፖሊስ» የሆነው ይሄ ሩጫ ነው።

ሰኞ ተጻፈልኝ። ለመመለስ አንድ ቃል ብቻ ፈጀብኝ፤ እሱንም አላረምኩትም።

እንግዲህ እናንተ ያነበባችሁልኝ፣ ይሉኝታን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ይሉኝታ ባይኖረን ካልጋሪ ውስጥ አንዳችን የሌላችንን ማዕድ ጠርገን እንጨርስ ነበር። ለእኔም ቢሆን ቁርሳቸውን ሳይበሉ የቆሙልኝ ይኸው ወግ ያሳደጋቸው ሰዎች ናቸው፤ ተከልክላለች ብለው ሲያስቡ እንኳ አንድ እንቢታ አላስፈራቸውም። የማላውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ግብዣው የምትግደረደሩበትን ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ነው ወይስ ከማያውቅ? ከማያውቅ ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ እውነቱን ተናገሩ። ደረታችሁን ንፉ አላልኩም። አራተኛ ከሆናችሁ አራተኛ በሉ። ግን የምትፈልጉትን እፈልጋለሁ በሉ፤ ይኼም ልክ ነው፤ ልክ የሆነ ነገር ደግሞ ነውር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሳድል ሪጅ ውስጥ ሰው ቤት ስሄድ «ብዪ» ሲሉኝ እበላለሁ። አንዳንድ ቤት ይህ ጥሩ ስም አላተረፈልኝም።

የምሄደው በመጪው ነሐሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ከማዳም ዱቫል ሌላ ኢሜይል ደረሰኝ፤ ስለ ትምህርት መስሎኝ ከፈትኩት። ለላቦራቶሪው አንድ ተጨማሪ ክፍል አለቃቸውን ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለቴም እንቢ ተብለዋል። «ሁለት ጊዜ እንቢ ማለት እንቢ ማለት አይደለም ተብያለሁ» ይላል። «ሽማግሌዎቹ ይመጡልኝ ይሆን?»

ለጋሼ ታደሰ በስልክ አነበብኩላቸው። በደስታ ትንፋሻቸው ሲያጥር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ራሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

«አይ ልጄ» አሉ፣ «እኛ ማን ሆነን ፈረንሳይ ድረስ? ይበዛብናል። ከእኛ የተሻሉ ሽማግሌዎች እዚያው አይጠፉም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። አልደገምኩም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ልገባ ስል፣ ራሳቸው ደወሉ።

«ስንዱዬ፣ እንዴት አደርሽ? ምንም አይደለም፣ እንዲያው ደኅና ነሽ ወይ ልል ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ያቺ የትናንትናዋ ነገር... ትደግሚልኝ ይሆን ብዬ ነበር።»